ደብተሩ ደርሶናል፤ አሁን ሰዎቻችሁን ላኩልን

ግልጽ ደብዳቤ
ለድርጅት ሥራ አስኪያጆች፣ ለቦርድ አባላትና ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። ልጆቼም እዚያው ይማራሉ። ደብዳቤዬ ለአንድ ድርጅት ተለይቶ የተጻፈ አይደለም። ባንክም ሁኑ ኢንሹራንስ፣ ፋብሪካም ሁኑ አስመጪ፣ በየዓመቱ ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣ ብላችሁ የሠፈራችንን በር ለምታንኳኩ ሁሉ ነው።

በመጀመሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። ለወጉ ያህል የምለው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስንቱ ድርጅት ዱቄትና ዘይት ይዞ እንደወጣ አይተናል። ማዕድ ማጋራት የሚለው ነገር በየሠፈሩ የገባው ያኔ ነው። በእኛ ሠፈር በዚያ ዱቄት ያንን ክፉ ወር ያለፉ እናቶች አሉ፤ ዛሬም ስማችሁን በምርቃት ያነሳሉ። አቅሙም ልቡም እንዳላችሁ የማውቀው ከዚያ ነው። የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው፤ ልብ ለሌለው ሰው ደብዳቤ አይጻፍም።

ልመናዬ አንድ ነው። በዓመት አንድ ቀን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳችሁ ከምትመጡ፣ ሙያ ያላቸውን ጥቂት ሠራተኞቻችሁን ዓመቱን ሙሉ ላኩልን። ምን እንደሚሠሩ ደግሞ እኛን ጠይቁን።

መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው ደብተር ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና የትምህርት ቁሳቁስ ማቅረብ ጀምሯል። ምገባም አለ። በዚያው ሰሞን እናንተም ደብተር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ድርጅት ይደግማል። ልጁ መስከረም ላይ የሚሸከመው ደብተር ይበዛበታል፤ የካቲት ላይ ግን መምህሩ ፈተና የሚያባዛበት ወረቀት የለውም፣ የኮፒ ማሽኑ ቀለምም አልቋል። የካቲት ላይ ባነር ይዞ የመጣ ድርጅት አላየሁም። ደብተር መስጠት ደስ ካላችሁ ከከተማው ወጣ በሉ። ዛሬም ዳስ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች አሉ። እዚያ አንድ ደብተር ብዙ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ የርክክቡን ቀን ልንገራችሁ። እናንተ የምታዩት ከመኪና ከወረዳችሁበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ነው። እኛ ከዚያ በፊት ያለውንም እናያለን።

እንግዶች ሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ልጆቹ ከባንዲራ ሰልፍ ሳይበተኑ እዚያው ይቆያሉ። ሚኒ ሚዲያው መዝሙር ያጫውታል። አራት ሰዓት ይሆናል። ፀሐዩ ይበረታል፤ ትናንሾቹ መሬት ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ። አምስት ሰዓት ላይ መኪኖቹ ይገባሉ። ንግግር አለ፣ ከዚያ ሌላ ንግግር አለ። ስማቸው የተመረጠ ልጆች ተራ በተራ ወጥተው ቦርሳ ይቀበላሉ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቦርሳዋን ተቀብላ፣ በደስታ እቅፍ አድርጋ ስትመለስ "አልተነሳም፣ አልተነሳም" ተባለ። ቦርሳውን መልሳ ሰጠች። እንደገና ወደ ካሜራው ዞራ ተቀበለች። ሁለተኛው ላይ ፈገግ በይ ተባለች። ከአጠገቧ ነበርኩ። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ በመጀመሪያው ላይ ቀርቷል።

ያ ፎቶ ማታውኑ በድርጅቱ ገጽ ላይ ወጣ። ከሥሩ "ለችግረኛ ተማሪዎች ድጋፍ ተደረገ" ይላል። በማግሥቱ የክፍሏ ልጆች ስልክ ላይ አይተውት ችግረኛ እያሉ ይጠሯት ጀመር። እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ልጆቿን በላቧ የምታሳድግ ሴት ናት። ትምህርት ቤት መጥታ ያለቀሰችውን ለቅሶ ብትሰሙ ኖሮ ፎቶውን በራሳችሁ እጅ ታጠፉት ነበር። ድርጅቱ ክፉ አልነበረም። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ፈቃድዋን የጠየቃት የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሕግ ክፍሎቻችሁ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የልጅ ፊት የልጅ ነው። ወላጅን ጠይቁ፤ ካልሆነ ደግሞ የልጆቹን ጀርባ፣ የተሠራውን ሥራ፣ የራሳችሁን ሠራተኞች አንሱ።

ስለ ዕቃ ክፍላችንም ልንገራችሁ። ቁልፉን ከስቶር ኃላፊው ተቀብላችሁ ብትገቡ ኮምፒውተሮች ከነላስቲካቸው ተደርድረው ታገኛላችሁ። ጥሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። የሰጠን ድርጅት የቢሮውን ዕቃ ሲቀይር አሮጌዎቹን አጽድቶ አመጣልን። ችግሩ የክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር ለአምፖል እንጂ ለዚህ ሁሉ ኮምፒውተር አልተዘረጋም። ጥቂቶቹን ስንሰካ ብሬከሩ ወረደ። ገሚሶቹ ደግሞ የድርጅቱን ፓስወርድ ይጠይቃሉ፤ ስንደውል የአይቲ ክፍሉ ለሌላ ክፍል፣ ያም ለሌላ ክፍል አስተላለፈን። ያን ጊዜ አንድ ኤሌክትሪሺያንና አንድ የአይቲ ባለሙያ ለጥቂት ቅዳሜዎች ቢያውሱን ኖሮ ልጆቻችን ዛሬ መዳፊት መያዝ ይችሉ ነበር። ኮምፒውተሩ ተሰጠ፤ ሰው ግን አልተሰጠም። ጉዳዬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጥሩ ሲሠራም አይቻለሁ። ከትምህርት ቤታችን ብዙ የማይርቅ አንድ ድርጅት አለ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ የተማሪ ወላጅ ነው። አንድ ቀን ልጁን ሊያደርስ መጥቶ የሴቶች ሽንት ቤቱ ተዘግቶ አየ። ለምን ብሎ ጠየቀ። ውኃ ስለሌለ ነው አልነው። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ውኃው እንደማይወርድ ነገርነው። ቅዳሜ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር መጣ። ቧንቧው ውስጥ ዝገት ተጋግሮ ኖሯል። ቆርጠው ቀየሩት። የእጅ መታጠቢያዎቹን ጎማ ቀያየሩ። አንድ ለጋሽ ያሠራልን የእጅ መታጠቢያ ደግሞ ጭራሽ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም ነበር፤ የለጋሹ ስም በትልቁ የተጻፈበት ሲሚንቶ ብቻ ነበር። እሱንም አገናኙት።

ሥራቸው በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ይኸኛውም እንደሌላው በሆነ። እነሱ ግን በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አንዳቸው ብቅ ይላሉ። የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ያያሉ። ለጥበቃው ጎማ መቀየር አስተምረውታል። ድርጅቱም ቅዳሜዋን እንደ ሥራ ሰዓት ቆጠረላቸው፤ ለመለዋወጫውም ትንሽ በጀት ያዘ። ባነር የለም። ንግግር የለም። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆች ግን የወር አበባቸው በመጣ ሰሞን ቤት መዋል ትተዋል፤ የክፍል ኃላፊ መምህራኑ ራሳቸው ያስተዋሉት ነው። ሞዴስ የሚሰጡን ድርጅቶች ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ውኃና የሚዘጋ በር በሌለበት ግን ሞዴሱ ብቻውን ልጅቷን ክፍል ውስጥ አያቆያትም።

ስለ ትምህርቱ ስናገር ደግሞ ሆዴ ይባባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ያ ውጤት ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ግን 12ኛ ክፍል ላይ የተገለጠው ነገር የጀመረው ታች እኛ ጋ ነው። ክፍልፋይ ሳይገባው ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስድስት ዓመት ቆይቶ ይወድቃል። እናንተ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ፣ አካውንቲንግ ተምሮ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ የሚውል ወጣት ሞልቷል። አንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ቢሰጠን ለሚኒስትሪ ፈተና በድፍረት ይቀመጣሉ። መምህራኖቻችን ይህን ይጠሉታል ብላችሁ አትስጉ። አንድ መምህር በደመወዙ ቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት በየሰዉ ቤት እየዞረ በሚያስጠናበት ከተማ፣ ቅዳሜ የሚያግዘው ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ብቻ ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ፣ መምህሩ በደረሰበት ምዕራፍ ይምጣ እንጂ የራሱን ነገር ይዞ አይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንድ ቅዳሜ አስጠንቶ በሁለተኛው የሚጠፋ ሰው ባይመጣ ይሻላል። ልጆች ይጠብቃሉ። አንድ ወንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ "ጋሼ ዛሬም አይመጡም?" ሲለን መልስ አጥተን ቆመናል። ለአንድ ሴሚስተር መቆየት የማይችል ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ያስተካክል፣ ወንበር ይጠግን፣ የትምህርት ቤቱን የንብረት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ያስገባ። ልጅ የሚያስጠና ሰው ግን ቃሉን ሰጥቶ ይምጣ።

ትምህርት ቤት ያነሳሁት የማውቀው እሱን ስለሆነ ነው። በሌላውም መስክ ያለው ከዚህ አይለይም። ደም ልገሳን እንውሰድ። ድርጅቶች ዓመታዊ በዓላቸውን ምክንያት አድርገው ወይም ሰኔ 7 የሚከበረውን የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ጠብቀው ሠራተኛውን ሁሉ በአንድ ቀን ያስለግሳሉ። ቅን ሥራ ነው። ነገር ግን የተለገሰ ደም እንደ ገንዘብ ባንክ ውስጥ አይቀመጥም። ቀይ የደም ሕዋስ ቢበዛ ስድስት ሳምንት ያህል ነው የሚቆየው። ፕላትሌት የሚባለው፣ ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው፣ 5 ቀን ገደማ ነው። በአንድ ቀን የጎረፈ ደም ከሁለት ወር በኋላ በወሊድ ለምትደማ እናት አይደርስም። ተማሪው ለክረምት ሲበተን ደግሞ ለጋሽ ይሳሳል፤ ያኔ ቤተሰብ ሆስፒታል በር ላይ ደም የሚሰጥ ዘመድ ፍለጋ ስልክ ሲደውል ይውላል። አንድ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ሠራተኛችሁን በአራት ክፈሉት። አንዱ ቡድን ነሐሴ፣ አንዱ ኅዳር፣ አንዱ የካቲት፣ አንዱ ግንቦት ይለግስ። ቀኑን እናንተ አትምረጡት፤ መቼ እንደሚቸገር ደም ባንኩን ጠይቁት። ተጨማሪ ወጪ አይጠይቃችሁም፤ የሚቀርባችሁ አንዱ ትልቅ ፎቶ ብቻ ነው።

ችግኙም እንዲሁ ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የማይተክል መሥሪያ ቤት የለም። ሐምሌ ላይ ተራራው በሰው ይሞላል። ጥር ላይ ግን አፈሩ ሲደርቅ ውኃ የሚያጠጣ፣ ከብት እንዳይበላው የሚያጥር፣ የደረቀውን ቆጥሮ የሚተካ ሰው ያስፈልጋል። የቤት እድሳቱስ? የአቅመ ደካሞች ቤት የሚታደሰው ብዙ ጊዜ በክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ዝናቡ ሳይገባ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ብትጀምሩት እኮ እማማ ጣራቸው ተነስቶ በሰው ቤት አያድሩም፤ ጭቃውም ይደርቃል።

እንደ መቄዶንያ ባሉ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሚጦሩባቸው ማዕከላት ደግሞ የበዓል ሰሞን እንግዳ ይበዛል። በአዘቦት ማክሰኞስ? ልብስ የሚያጥብ፣ ገላ የሚያጥብ፣ ጥፍር የሚቆርጥ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው በአዘቦቱም ቀን ያስፈልጋል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ረሃቡን አዩ፤ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ 40 ዓመት ያህል፣ ከልጆች አልተለዩም። የአፍሪካ ማዘር ትሬዛ ያሰኛቸው መሰንበታቸው ነው።

አሁን ወደ ሠራተኛው ልምጣ። ብዙ ጊዜ ሰርኩላር ይወጣል፦ "ቅዳሜ ጠዋት 1፡30 ሁላችሁም ተገኙ፣ ስም ይያዛል።" የቀረ ሰው ሰኞ ይጠየቃል። ከደመወዝም ሳይጠየቅ የሚቆረጥበት መሥሪያ ቤት አለ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ መስጠት የማያውቅ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለ ጀምሮ የወር ደመወዙን ቦንድ የገዛበት ስንቱ ነው! ለእድር ይከፍላል፣ ገጠር ያለ ወንድሙን ያስተምራል። ቅዳሜ ደግሞ ለብዙዎች ልብስ የሚታጠብበት፣ ልጅ የሚታይበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ቀን ነው። በግድ የመጣ ሰው ያስታውቃል፤ ስልኩን እያየ ጥላ ሥር ይቆማል። ልጆቹም ያዩታል። ስለዚህ በፈቃዱ የሚመጣውን ብቻ ላኩልን። አምስት ሰው ይበቃናል። ግን ሰዓቱን ከሥራ ሰዓቱ ስጡት። ድርጅቱ የሰጠው ያኔ ነው፤ ሠራተኛው ከዕረፍቱ ቀንሶ ሲሰጥማ የሰጠው ሠራተኛው ነው፣ ምስጋናውም ለእሱ ይሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕጉ ለሚያውቃቸው በጎ አድራጎቶች የሚሰጥ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። ጥሩ ነው። ሒሳብ ሹሞቻችሁም ያውቁታል፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ድንገት የሚመጣ ስጦታ የሚበዛውም አንዳንዴ ስለዚህ ይመስለኛል። ያ ስጦታ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች የሦስት ዓመት አማካይ የተጣራ ትርፋቸውን 2 በመቶ ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ አስገድዳለች። እኔን የገረመኝ በሚቀጥለው ዓመት መንግሥታቸው ያወጣው ሰርኩላር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ዝግጅት፣ የማራቶን፣ የሽልማት፣ የማስታወቂያና የቴሌቪዥን ስፖንሰርነት ወጪ ከዚያ 2 በመቶ ውስጥ አይቆጠርም አሉ። በእኛ አገር ሕግ ይውጣ እያልኩ አይደለም። እናንተ በራሳችሁ ፈቃድ ይህን መስፈርት ብትይዙት ግን ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ውስጥ ስንቱ ነገር ይቀራል? በእውነት አስቡት።

የድርጅታችን ስም እንዲታወቅ እንፈልጋለን የምትሉ ትኖራላችሁ። አልነቅፋችሁም። ድርጅት ናችሁ፣ ደንበኛ ያስፈልጋችኋል። ግን ሠፈሩን እመኑት። ያ የጥገና ኃላፊ የሚሠራበትን ድርጅት ስም በእኛ ሠፈር የማያውቅ ወላጅ የለም። ፌስቡክ ላይ አንድም ጊዜ አልወጣም። ቡና ላይ ይነሳል፣ እድር ላይ ይነሳል።

እድርን ካነሳሁ አይቀር፣ ማንን እንርዳ ብላችሁ ስትጨነቁ መጀመሪያ የሠፈሩን እድር ጠይቁ። የወረዳው ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ግን ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው አለ። ይሉኝታ ይዞት፣ በሩን ዘግቶ የሚራብ የቀድሞ ሠራተኛ፣ የተከበረ ሰው። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው ያውቁታል። እንዴት እንደሚሰጠው፣ በማን እጅ ቢደርሰው እንደማያፍር ጭምር ያውቃሉ።

ለዚህ ዓመት የምጠይቀው ይህን ነው። አዲሱ በጀታችሁ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የእኛ ትምህርት ደግሞ መስከረም። መካከሉ ሁለት ወር ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት አንድ ሰው ወደ አቅራቢያችሁ ትምህርት ቤት ላኩ። ካሜራ ሳይዝ፣ ደብተር ሳይዝ፣ ማስታወሻና እስክሪብቶ ብቻ ይዞ ይምጣ። ርእሰ መምህሩን ያናግር፣ ጥበቃውን ያናግር፣ የፅዳት ሠራተኛዋን ያናግር፤ ምን እንደተሰበረ ከሁሉም የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። ሽንት ቤቱን ገብቶ ይይ። ስቶሩን አስከፍቶ ይይ። ከዚያ ተመልሶ ከሠራተኞቻችሁ ውስጥ ማን ምን እንደሚችል ይጠይቅ።

ከዚያ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። አምስት ትምህርት ቤት ከማዳረስ አንዱን ለሦስት ዓመት ያዙ። በአንድ ገጽ ወረቀት እንፈራረም፦ ማን ይመጣል፣ በየስንት ጊዜው፣ ቢቀር ለማን እንደውላለን፣ መለዋወጫ በማን ይገዛል። በእኛም በኩል ግዴታ እንገባለን። በሩን በሰዓቱ እንከፍታለን፣ ልጆቹን እናዘጋጃለን፣ የተሰጠን ዕቃ የት እንዳለ በየሴሚስተሩ እናሳያችኋለን። ያልሠራውን ያልሠራ ብለን እንነግራችኋለን እንጂ ቅር እንዳይላችሁ ብለን አንሸፍንም። እስከ ዛሬ ብዙዎቻችን የሰጪን ፊት ፈርተን ዝም ብለናል። ኮምፒውተሩ እንደማይሠራ፣ መታጠቢያው ውኃ እንደሌለው ስትጠይቁን "እግዜር ይስጥልን" ብቻ ብለን ሸኝተናችኋል። ከእንግዲህ እውነቱን እንነጋገር።

የሚላከውን ሰው ስምና ስልክ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ለመረጣችሁት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አሳውቁ። ሌላው ሥራ መስከረም ላይ ይጀመራል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል
አዲስ አበባ